የጓደኞች ፋንታሲ ሊግ ደንብ ይጻፍለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፤

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በመሀል አዲስ አበባ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲን፣ ማለትም በእውነተኛ ተጫዋቾች ቡድን ሠርቶ በሜዳ ውጤታቸው ነጥብ የሚሰበሰብበትን የስልክ ጨዋታ፣ ከጓደኛ፣ ከሥራ ባልደረባና ከሰፈር ልጅ ጋር ለሚያስተባብሩ አንባቢዎቻችሁ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የሊግ ኮድ በቴሌግራም ይለቀቃል፣ ሰው እየተጠራራ ይገባል፣ ብር ይዋጣል። ግንቦት ሲደርስ ሽልማቱ ያልተከፈለበት፣ ሰው የተኳረፈበት፣ ግሩፑ ጭር ያለበት ሊግ ግን ጥቂት አይደለም። ጠቡን የሚያመጣው ኳሱ አይደለም፤ ሲጀመር ያልተጻፈ ደንብ ነው። ለእቁብ ዳኛና ጸሐፊ ሳይመረጥ አንድ ብር የማያወጣ ሰው፣ ለፋንታሲ ሲሆን «ችግር የለውም፣ በኋላ እንነጋገራለን» ብሎ ብሩን ይልካል። ንግግሩ የሚመጣው አንዱ አሸናፊ ሌላው ተሸናፊ ከሆነ በኋላ ነው፤ ያኔ የተሰጠ ፍርድ ደግሞ የትኛውም ወገን አይቀበለውም።

ጨዋታ ነው፣ ምን ያጨቃጭቃል የሚል ሰው አለ። አንስማማም። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱ ቤተሰቦች ልጆች ዛሬ በከተማዋ ዳር ዳር ተበታትነዋል፤ ድሮ በእግር ይገናኙ የነበሩ ሰዎች አሁን ለመገናኘት ሁለትና ሦስት ታክሲ ይይዛሉ። በየሳምንቱ የሚያደዋውላቸው፣ የሚያሟግታቸው፣ ቅዳሜ አንድ ቤት ኳስ ለማየት የሚያሰባስባቸው ሊግ በ300 ብር ንትርክ ሲፈርስ ያሳዝናል።

ለማያውቀው አንባቢ ጨዋታው በአጭሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰው በ100 ሚሊዮን ፓውንድ የጨዋታ ገንዘብ 15 ተጫዋች ይገዛል፦ 2 ግብ ጠባቂ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይ፣ 3 አጥቂ። ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ አይፈቀድም። በየሳምንቱ፣ ማለትም በየጌምዊኩ፣ 11 አሰልፎ አንዱን ካፒቴን ያደርጋል፤ የካፒቴኑ ነጥብ እጥፍ ይሆናል። ጌምዊኮቹ 38 ናቸው። ነጥቡን የሚሰጠው አፕሊኬሽኑ ስለሆነ በዚያ በኩል ክርክር የለም። የሚያከራክረው ከአፕሊኬሽኑ ውጭ ያለው፣ እኛው የምንጨምረው ነገር ነው።

መጀመሪያ የሚወሰነው የሊጉ ዓይነት ነው። ክላሲክ የሚባለው የዓመቱን ድምር ነጥብ ይዞ ደረጃ ያወጣል። ሄድ ቱ ሄድ ደግሞ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰው ያጋጥማል፤ ያሸነፈ 3፣ እኩል የወጣ 1 ነጥብ ያገኛል። ሄድ ቱ ሄድ ለጨዋታና ለብሽሽቅ ይመቻል፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ግን አፕሊኬሽኑ «አቬሬጅ» የሚባል ባለቤት የሌለው ቡድን ጨምሮ ያጋጥማል፣ ሊጉ ከጀመረ በኋላም አዲስ ሰው አይገባበትም። ከዚህ በላይ ዋናው ችግሩ የጠፋ ሰው ነው። አንድ አባል ታኅሣሥ ላይ ቡድኑን ማየት ቢያቆም፣ መስከረም ላይ የገጠመው ከደህና ቡድን ጋር ተፋልሟል፤ የካቲት ላይ የሚገጥመው ሰው ግን ሦስት ነጥብ በነጻ ይወስዳል። ስለዚህ ለጀማሪ ስብስብ ክላሲክን እንመክራለን፤ ሄድ ቱ ሄዱን ከጎኑ ያለ ብር ለመዝናኛ መክፈት ይቻላል፤ አንድ ቡድን በሁለቱም ሊግ ይቆጠራል።

ክላሲክ የራሱ ቀዳዳ አለው፣ ብዙ አስተባባሪም አያውቀውም። ሊጉ ከጌምዊክ 1 ጀምሮ እንዲቆጥር ተደርጎ ከተከፈተ፣ በጌምዊክ 25 የገባ ሰው እስካሁን ያጠራቀመውን ነጥብ በሙሉ ይዞ ነው የሚገባው። ኮዱ ግሩፕ ውስጥ ተለጥፎ ከቆየ፣ አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሌላ ቦታ ጥሩ ነጥብ የሰበሰበ የአክስቱን ልጅ በመጋቢት አምጥቶ በቀጥታ አንደኛ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ኮዱ ለከፈለ ሰው ብቻ በግል ይላክ፤ ከጌምዊክ 1 ዴድላይን (ቡድን ማስተካከያው የሚዘጋበት ሰዓት) በኋላ የገባ ቡድን ለሽልማት እንደማይቆጠር ይጻፍ፤ አስተዳዳሪው የማያውቀውን ቡድን ሳያመነታ ከሊጉ ያስወጣ። ዘግይቶ መግባት የሚፈልግ ወዳጅ ካለ፣ ከጌምዊክ 20 ጀምሮ የሚቆጥር ሁለተኛ ሊግ ይከፈት። ሊግ ሲፈጠር ነጥብ ከየትኛው ጌምዊክ እንደሚጀምር መምረጥ ስለሚቻል፣ ሁሉም እኩል ከዜሮ ይነሳል። ይህ የሁለተኛ ዙር ሊግ በመጀመሪያው ዙር ተስፋ የቆረጠውን ሰውም ይመልሳል።

የሰው ብዛት ከ10 እስከ 14 ቢሆን ደግ ነው። ከዚያ ካነሰ ሽልማቱ ያንሳል፤ ከ20 ካለፈ ደግሞ የማይተዋወቅ ሰው ይገባና ብር መሰብሰቡ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል።

ወደ ብሩ እንምጣ፣ ጠቡ ያለው እዚህ ነውና። ሊጉ የሚጀመረው በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ ነው። ቡሄ አለ፣ እንቁጣጣሽ ይመጣል፣ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባና ደብተር ይከተላል፣ መስቀል አለ። ከደመወዝተኛ ሰው ሙሉውን መዋጮ በዚያ ሳምንት መጠየቅ «ደመወዝ ሲገባ እልካለሁ» የሚል መልስ ብቻ ነው የሚያመጣው፤ ያልከፈለ ሰው ደግሞ ነጥቡ ሲያምርለት ከፋይ፣ ሲከፋ ጠፊ ይሆናል። ስለዚህ መዋጮው በሁለት ይከፈል። 12 ሰው በ1,000 ብር ቢስማማ፣ 500 ብሩ ከጌምዊክ 1 በፊት፣ 500 ብሩ እስከ ጥቅምት 30 ይግባ። የመጀመሪያውን ያልከፈለ ኮዱን አያገኝም። ሁለተኛውን ያልከፈለ ሊጉ ውስጥ ይቆያል፣ ሽልማት ግን የለውም፣ የከፈለው 500 ብርም አይመለስለትም። የጎደለው 500 ብር ከየትኛው ሽልማት ላይ እንደሚቀነስ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ይህች አንዲት መስመር ባለመጻፏ ብቻ ሁለተኛ የወጣው ሰው «ለምን ከእኔ?» እያለ የሚከራከርበት ሊግ አለ።

አከፋፈሉን እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ከ12,000 ብሩ 3,000ው ለወር አሸናፊ ይሆናል፦ ውድድሩ ከኦገስት እስከ ሜይ 10 ወር ስለሆነ በወር 300 ብር። የዓመቱ አንደኛ 4,500፣ ሁለተኛ 2,500፣ ሦስተኛ 1,000 ይወስዳሉ። ቀሪው 1,000 ለሊጉ ዋንጫ፣ ማለትም አባላቱ በጥሎ ማለፍ ለሚፋለሙበት ውድድር፤ ጎደሎም ቢመጣ ከዚህ ላይ ይቀነስ። ዋንጫውን አስተዳዳሪው ራሱ ነው ከሊጉ ማስተካከያ የሚከፍተው፤ የፍጻሜው ጨዋታ ጌምዊክ 38 ላይ ያርፋል። ዋንጫ ላይ እኩል ነጥብ ከመጣ በዚያ ሳምንት ብዙ ጎል ያገባው ቡድን ያልፋል።

የወር ሽልማትን የምንደግፈው በምክንያት ነው። በጌምዊክ 12 ከመሪው በ150 ነጥብ የራቀ ሰው የዓመቱን ሽልማት አይደርስበትም፤ ስለዚህ ቡድኑን ይተወዋል። ወር ሲቀየር ግን ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፣ መጨረሻ ላይ ያለውም ያሸንፋል። የሳምንት ሽልማት ይህን ጥቅም የሚሰጥ ይመስላል፤ በአንድ ሳምንት ግን ዕድል ይበዛል፣ 38 ጊዜ ብር መላክም አስተባባሪውን ያሰለቻል። የወሩን ደረጃ አፕሊኬሽኑ ራሱ ያወጣል፤ ሰንጠረዡ ላይ ወር መምረጥ ብቻ ነው። ወሩ የፈረንጅ መሆኑ ይታወስ። ነሐሴን ኦገስት አድርጎ መቁጠር የጌምዊክ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል፤ ደንቡ ላይ «ወር ማለት አፕሊኬሽኑ ላይ የሚታየው ወር ነው» ተብሎ ይጻፍ።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ? የአንድ ሰው የግል ሂሳብ ውስጥ ከደመወዙና ከአስቤዛው ጋር ተቀላቅሎ ዘጠኝ ወር መቆየት የለበትም። ሰውየው ታማኝ ቢሆንም ቸግሮት «እተካዋለሁ» ብሎ የሚያነሳበት ቀን ይመጣል፤ እዚያ ፈተና ውስጥ ጓደኛን ማስገባት ራሱ ስህተት ነው። በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የቁጠባ ሂሳብ ከሁሉ ይሻላል። ያ ካልተቻለ ገንዘብ ያዡ ለዚሁ ብቻ የሚሆን ሂሳብ ይያዝና በየወሩ መጨረሻ የቀሪውን ስክሪንሹት ግሩፑ ላይ ይለጥፍ። የተከፈለው ሁሉ በቴሌብርም ይሁን በባንክ ስሙና ቀኑ ያለበት ደረሰኝ ይኑረው፤ በእጅ የተሰጠ ብር አይቆጠር። የወር አሸናፊም በሳምንት ጊዜ ውስጥ ይከፈለው። «ዓመቱ ሲያልቅ በአንድ ላይ» የሚባለው አሠራር ገንዘብ ያዡ ላይ ጥርጣሬ ያከማቻል።

አስተባባሪው ከመዋጮው ለድካሙ እንዲቆርጥ አንመክርም። ከማያውቀው ሰው ብር እየሰበሰበ የራሱን ድርሻ የሚያነሳ ሰው የጓደኛ ሊግ ሳይሆን ሌላ ሥራ ነው የያዘው፤ ያ ደግሞ ፈቃድና ሕግ ያለው ነገር ነው። ፋንታሲን ከውርርድ ቤት ለይተው የማያዩ ወላጆች አሉ፣ ስጋታቸውም ይገባናል። ልዩነቱን የሚያሳያቸው መዋጮው ትንሽ፣ የሚታወቅና በዓመት አንዴ የተወሰነ መሆኑ ነው። መሀል ላይ «እንጨምር» ማለት የሚከለክል መስመርም ደንቡ ውስጥ ይግባ።

የነጥብ አቆጣጠር ሦስት ቦታ ላይ ያጣላል። አንደኛው ሂት ነው። በሳምንት አንድ ነጻ ዝውውር፣ ማለትም አንድ ተጫዋች በሌላ መቀየር፣ አለ፤ ከነጻው በላይ ለሚደረግ ለእያንዳንዱ ዝውውር 4 ነጥብ ይቀነሳል። አንድ ሰው 70 ነጥብ አምጥቶ ለሁለት ትርፍ ዝውውር 8 ቢቀነስበት፣ የሳምንቱ ነጥቡ 70 ነው 62? ቅናሹ በቡድኑ ገጽ ላይ ከዝውውሮቹ ጎን ለብቻው ስለሚጻፍ፣ 70ውን ብቻ አይቶ «እኔ ነኝ ያሸነፍኩት» የሚል ሰው ይኖራል። ትክክለኛው 62 ነው፤ ደንቡ ላይ «ሂት ተቀንሶ» የምትል ቃል ትግባ።

ሁለተኛው እኩል ነጥብ ነው። በክላሲክ ሊግ ሁለት ሰው በድምር እኩል ቢሆኑ፣ አፕሊኬሽኑ በዓመቱ ያነሰ ዝውውር ያደረገውን ከላይ ያስቀምጣል፤ በዋይልድ ካርድና በፍሪ ሂት፣ ማለትም ያለ ቅናሽ ብዙ ተጫዋች በሚያስቀይሩ ልዩ ዕድሎች፣ የተደረጉ ዝውውሮች በዚህ አይቆጠሩም። ይህን የማያውቅ ሰው ከላይ የሠፈረውን ስም አይቶ ያጨበጭባል፣ ከታች ያለው ግን ተበደልኩ ይላል። ለዓመቱ ሽልማት የአፕሊኬሽኑን ቅደም ተከተል መቀበል፣ ለወር ሽልማት ደግሞ እኩል መካፈል ተገቢ ይመስለናል። የትኛውም ቢመረጥ ዋናው ነገር ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት መመረጡ ነው።

ሦስተኛው ችኮላ ነው። እሑድ ማታ የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ አሸናፊ ማወጅ አይገባም። ቦነስ፣ ማለትም ለጨዋታው ምርጦች የሚጨመር ነጥብ፣ የሚጸድቀው ከጨዋታ በኋላ ነው፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያለ ተጫዋች ያልተጫወተውን ሰው ተክቶ የሚገባው ደግሞ ጌምዊኩ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ነው። የሰኞ ጨዋታ ካለ ሰኞም ሳያልፍ አይሆንም። ለምሳሌ በ3 ተከላካይ ያሰለፈ ሰው አንዱ ተከላካይ ሳይጫወት ቢቀር፣ ወንበር ላይ አንደኛ ተራ የያዘው 9 ነጥብ ያመጣ አማካይ ቢሆንም አይገባለትም፤ ቢያንስ 3 ተከላካይ ግዴታ ስለሆነ አፕሊኬሽኑ ተከላካይ ፈልጎ ያስገባል። እሑድ ማታ በጣት ደምሮ «9 ይገባልኛል» ያለ ሰው ማክሰኞ ጠዋት 1 ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። አስተባባሪው የሚያውጀው ሰንጠረዡ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ ይሁን።

አሁን ስለ ሰዓት። በአዲስ አበባ ሊጎች ውስጥ ከጉዳትና ከቀይ ካርድ በላይ ነጥብ የሚያስጥለው ይህ ነው ብለን እናምናለን። ዴድላይን ማለት የጌምዊኩ የመጀመሪያ ጨዋታ ከመጀመሩ 90 ደቂቃ በፊት ነው። ስልኩ ግን «1፡00 ፒኤም» ወይም «13፡00» ይላል፤ የኛ ሰው ያንን ስክሪንሹት ግሩፕ ላይ ሲያይ «አንድ ሰዓት» ብሎ ያነባል፣ ማታ አንድ ሰዓት ይመስለዋል። እውነተኛው ግን ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ ሰውየው ቡድኑን ሊያስተካክል ሲከፍት ጨዋታው አልቋል።

በዚህ ላይ እንግሊዞች ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። ሰዓታቸውን ወደፊት በገፉባቸው ወራት፣ ማለትም ከነሐሴ እስከ ጥቅምት አጋማሽና ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ እስከ ግንቦት፣ ከእነሱ ሰዓት 4 ስንቀንስ የኛን እናገኛለን፤ በመካከል ባሉት ወራት ደግሞ 3 እንቀንሳለን። በተግባር ሲታይ፣ የቅዳሜው የመጀመሪያ ጨዋታ በእነሱ 12፡30 ከሆነ ዴድላይኑ በመስከረም ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በታኅሣሥ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ዓርብ ማታ በእነሱ 20፡00 የሚጀመር ጨዋታ ካለ ዴድላይኑ በመስከረም ከምሽቱ 2፡30፣ በታኅሣሥ ከምሽቱ 3፡30 ይሆናል። በሳምንቱ መካከል በእነሱ 19፡30 የሚደረግ የታኅሣሥ ጨዋታ ዴድላይኑ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው።

የጥቅምቱ ለውጥ ብዙም አይጎዳም፤ ዴድላይኑ አንድ ሰዓት ስለሚዘገይ የቸኮለ ሰው ብቻ ይጠብቃል። የሚጎዳው የመጋቢቱ ነው። አምስት ወር ሙሉ ቅዳሜ 8 ሰዓትን የለመደ ሰው፣ ከብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ ዕረፍት መልስ ዴድላይኑ በድንገት 7 ሰዓት ሆኖ ይጠብቀዋል። አስተባባሪ በዓመት አንዲት ማስታወሻ ብቻ የሚልክ ከሆነ በዚያ ሳምንት ይላክ። በተረፈ በየጌምዊኩ ሁለት ማስታወሻ ይበቃል፦ አንድ ቀን ሲቀረውና ሦስት ሰዓት ሲቀረው፤ ሁለቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፉ፣ «ቀን» ወይም «ማታ» የሚለውም አይቅር። መብራት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ ዴድላይን ያለፈበት ሰው ይኖራል፤ ያሳዝናል፣ ነገር ግን ደንቡ ለዚህ ማካካሻ ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ ቡድንን ዓርብ ጠዋት አስተካክሎ ማደር፣ አዲስ ዜና ከተሰማ ቅዳሜ መነካካት ይሻላል።

ቺፕ የሚባሉት ልዩ ዕድሎችም ማስታወሻ ይፈልጋሉ። ከ2025/26 የውድድር ዓመት ጀምሮ ዋይልድ ካርድ፣ ፍሪ ሂት፣ ቤንች ቡስት (የተቀያሪዎችንም ነጥብ የሚደምረው) እና ትሪፕል ካፕቴን (የካፒቴኑን ነጥብ ሦስት እጥፍ የሚያደርገው) እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሆነዋል፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ እስከ ጌምዊክ 19 ዴድላይን ካልተጠቀሙባቸው ይቃጠላሉ። በአንድ ጌምዊክ ከአንድ ቺፕ በላይ ስለማይፈቀድ፣ በጌምዊክ 18 አራቱም በእጁ ያለ ሰው ቢያንስ ሁለቱን ማጣቱ አይቀርም። በጌምዊክ 14 አካባቢ አንድ መልእክት መላክ ይህንን ያድናል።

ስለ ጠፋ ሰው የሚጻፈው ደንብ ጥንቃቄ ይሻል። «ለአምስት ሳምንት ዝውውር ያላደረገ ይሰረዛል» የሚል ደንብ በየቦታው አለ፤ ዛሬ ግን አያስኬድም። ከ2024/25 ጀምሮ ነጻ ዝውውር እስከ 5 ድረስ ማጠራቀም ስለሚቻል፣ ዝም ያለው ሰው በደንብ አስቦበት ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ለወራት የተጎዳ ተጫዋች ከአሥራ አንዱ ውስጥ አለ? ካፒቴኑ የማይጫወት ሰው ነው? ከዴድላይን በኋላ የሁሉም ቡድን ለሁሉም ስለሚታይ ማጣራቱ አይከብድም። እንዲህ ያለውን ሰው ከማስወጣት በፊት ደውሎ መጠየቅ ይቀድማል፤ ታሞ ወይም ሐዘን ደርሶበት ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ «መጨረሻ የወጣ ክትፎ ይጋብዛል» የሚለው ደንብ የሚከሽፈው በዚሁ ምክንያት ነው፤ መጨረሻ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የጠፋው ሰው ነው፣ ለግብዣም አይመጣም።

አንድ ሰው ሁለት ቡድን መያዝም አይፈቀድም፤ የጨዋታው ባለቤቶች ደንብ ራሱ ለአንድ ሰው አንድ ቡድን ይላል። በሚስት ወይም በወንድም ስም የተከፈተ፣ ግን በአንድ እጅ የሚመራ ቡድን ለወር ሽልማት ያለውን ዕድል በእጥፍ ያሳድጋል። የሚታወቀው በካፒቴኑና በዝውውሩ ተመሳሳይነት ነው።

ለሁለትና ሦስት ዓመት አብረው የቆዩ ሰዎች ድራፍትን ቢሞክሩ እንመኛለን። ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው፤ ገንዘብ የለም፣ ቺፕ የለም፣ አንድ ተጫዋች በሊጉ ውስጥ የአንድ ሰው ብቻ ነው። በክላሲክ ሁሉም አጥቂውን ሃላንድን ይዞ ሁሉም ካፒቴን ስለሚያደርገው የሱ ሦስት ጎል ለማንም ልዩነት አያመጣም፤ በድራፍት ግን ሃላንድ የአንድ ቤት ነው። እስከ 16 ሰው ይፈቀዳል፣ 8 ሰው ግን ይመቻል። ምርጫው እየተገላበጠ ይሄዳል፦ አንደኛ የመረጠው ቀጥሎ የሚደርሰው 16ኛ ላይ ነው፤ ስምንተኛው ደግሞ 8ኛና 9ኛን በተከታታይ ይመርጣል። 8 ሰው በ15 ተጫዋች 120 ምርጫ ነው፤ ለአንዱ 60 ሰከንድ ቢሰጥ እስከ 2 ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ቤት ተሰብስቦ፣ ስልክ ሞልቶ፣ ከሁለት የተለያየ ሲም ኢንተርኔት አዘጋጅቶ መቀመጥ ነው። ኔትወርክ የጠፋበትን ሰው አፕሊኬሽኑ አይጠብቀውም፤ ራሱ ይመርጥለታል። ሁሉም ሰው የሚፈልጋቸውን ተጫዋቾች በቅደም ተከተል አስቀድሞ ምልክት ያድርግባቸው፤ አፕሊኬሽኑ ከዚያ ዝርዝር ያነሳለታል።

በድራፍት የነጻ (ማንም ያልያዘው) ተጫዋች ጥያቄ፣ ዌቨር የሚባለው፣ የሚዘጋው ከዴድላይኑ 24 ሰዓት ቀድሞ ነው። ዴድላይኑ ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት ከሆነ ጥያቄው ዓርብ ከቀኑ 7 ሰዓት ማለቁን ያላወቀ ሰው ሁልጊዜ በተራ ይቀደማል። መለዋወጥ ደግሞ ሚያዝያ ላይ አደገኛ ይሆናል። ተስፋ የሌለው ሰው ጥሩውን አጥቂ ለቅርብ ጓደኛው «በምንም» ሲሰጥ ሦስተኛውን ሰው ይበድላል። ሊጉ ሲከፈት ልውውጥ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ብቻ እንዲሆን ማስተካከል ይቻላል፤ ከጌምዊክ 30 በኋላም ፈጽሞ ይዘጋ።

ደንቡ ረጅም መሆን የለበትም። የስልክ አንድ ገጽ ላይ የሚያልቅ፣ ግሩፑ ላይ ፒን የተደረገ፣ እያንዳንዱ አባል «ተስማምቻለሁ» ብሎ የመለሰበት ይሁን። ሊዘለል የማይገባው መስመር የሚከተለው ነው፤ እንዳለ መገልበጥ ይቻላል፦ «ክርክር ሲነሳ አስቀድመው የተመረጡ ሦስት ሰዎች በ48 ሰዓት ውስጥ ይወስናሉ። ጉዳዩ ከሦስቱ አንዱን የሚመለከት ከሆነ እሱ ይነሳና ተለዋጩ ይተካል። ደንቡ ላይ የሌለ ነገር ከተነሳ የአፕሊኬሽኑ ውጤት ይጸናል፤ ደንቡ የሚሻሻለው ለሚቀጥለው ዓመት ብቻ ነው።» የመጨረሻዋ ሐረግ በመሀል ዓመት ደንብ የመቀየርን በር ትዘጋለች።

ለጋዜጣችሁ ያለን ጥያቄ አንድ ነው። በስፖርት ገጻችሁ ላይ ከሳምንቱ የጨዋታ መርሐ ግብር ሥር የፋንታሲውን ዴድላይን በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር በአንድ መስመር ብታወጡልን ብዙ አንባቢ ይጠቀማል። «የዚህ ሳምንት ዴድላይን፦ ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት» ማለት ይበቃል። ጨዋታው ዓርብ በሚጀመርበት ሳምንትና እንግሊዞች ሰዓት በሚቀይሩበት በጥቅምትና በመጋቢት ደግሞ መስመሯ በደማቅ ፊደል ትጻፍልን።

ከአክብሮት ጋር
የፋንታሲ ሊግ አስተባባሪዎች
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ